የአይሻ ትምህርት ቤትና ሁለቱ ሸንጎዎች

አይሻ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ፣ ለደወሌ ድንበር የቀረበች ወረዳ ናት። ቆላ፣ ደረቅና ነፋሻማ አገር ነው። ሩቅ ብትመስልም ከትልልቅ ሥራዎች መንገድ ወጥታ አታውቅም። ሰዉ ሽምደፈር የሚለው አሮጌው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ይህንኑ ሜዳ አቋርጦ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ በኩል ያልፋል። በአዲጋላ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። በአይሻ ሜዳ ላይ ደግሞ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሏል።

እነዚህ ሥራዎች የተማረ ሰው ይፈልጋሉ። ተርባይን የሚጠግን፣ የባቡር ምልክት የሚከታተል ወይም የውሃ ፓምፕ የሚቆጣጠር ሰው ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ የቴክኒክ ሥልጠና መውሰድ ይኖርበታል። የአካባቢውን ልጅ እስከዚያ ማድረስ ግን ብርቱ ችግር ሆኖ ቆይቷል። መስከረም ላይ የሞላ ክፍል ጥር ላይ ይሳሳል። ለምን እንደሚሳሳ ለመረዳት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚመከረው የት እንደሆነ፣ መካሪዎቹ እነማን እንደሆኑና ምክራቸው የቱ ላይ ፍሬ እንደሚያፈራ፣ የቱ ላይ እንደሚቆም ማየት ያስፈልጋል።

መነሻው ዝናብ ነው። በሲቲ ዋናው ዝናብ ካራን ይባላል፤ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ይጥላል። ከእርሱ ቀደም ብሎ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዲራ የተባለው ዝናብ ይመጣል። ካራን ካበቃ በኋላ እስከ ዲራ ያለው ረጅሙ ደረቅ ወቅት ጂላል ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን በጅቡቲና በዘይላ ጠረፍ በኩል ሐይስ የሚባል ቀለል ያለ ዝናብ ስለሚጥል ከብት ያለው ሰው ዓይኑን ወደዚያ ይጥላል።

ይህን የዝናብ ዙር ከትምህርት ዘመኑ ጋር ስናስተያየው ችግሩ ይገለጣል። ትምህርት የሚከፈተው ካራን ሲያበቃ፣ ሣር ገና ሳይደርቅ፣ ወተት ሳይጎድል፣ ቤተሰብም በሰፈሩ እያለ ነው። ምዝገባው ስለዚህ ጥሩ ይሆናል። ጂላል ሲጠነክር ፍየሉና ግመሉ ይንቀሳቀሳል፤ ከመንጋው ጋር የሚሄደው ልጅም መማሪያ ክፍሉን ይለቃል። ዲራ ጥሎ ሲመለስ ክፍሉ ብዙ ምዕራፍ ቀድሞት ይጠብቀዋል። በጣም የሚያሳዝነው ግን የሐምሌና የነሐሴው ነገር ነው። ካራን ሲገባ ቤተሰቡ ተመልሶ ይረጋጋል፤ ልጁ በቅርብ ይገኛል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ለክረምት ተዘግቷል። የትምህርት ዘመኑ የተቀረጸው ክረምት የእርሻ ጊዜ በሆነበት፣ ጎርፍና ጭቃ መንገድ በሚዘጋበት በደጋው ገበሬ ኑሮ ነው። በአይሻ ይኸው አቆጣጠር ልጁ በሚገኝበት ወር ይዘጋል፣ ልጁ በማይገኝበት ወር ያስተምራል።

ሁሉም ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል ማለት ግን አይደለም። የአርብቶ አደር ቤት ሥራውን በእንስሳው ዓይነት ይከፋፍላል። ግመል ውሃ ሳያገኝ ብዙ ቀን መቆየት ስለሚችል ራቅ ብሎ ይሰማራል፤ የሚጠብቁትም ወጣት ወንዶች ናቸው። ፍየልና በግ በየጥቂት ቀኑ ውሃ ስለሚፈልጉ በቅርብ ይውላሉ፤ ጠባቂዎቻቸው ልጆች፣ በተለይም ልጃገረዶች ናቸው። አንደኛ ክፍል መግባት ያለበት ልጅ፣ ፍየል ለመጠበቅ የደረሰውም ያው ልጅ ነው። ወላጅ ስለዚህ የሚጠይቀው ጥያቄ «የትኛውን ልጅ ላስተምር?» የሚል ነው። አንዱ ከተማ ውስጥ ካለ ዘመድ ጋር ሆኖ ይማራል፤ አንዱ ግመል ይከተላል፤ አንዷ ፍየል ትጠብቃለች። ድርቅ በሚመላለስበት አገር ልጆችን ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ ማሰለፍ አደጋ ስለሆነ ይህ አከፋፈል ስሌት አለው። ትምህርት ቤቱ በዚህ ስሌት ውስጥ ከብዙ አማራጮች አንዱ ሆኖ ይገባል፤ የሚመዘነውም ከእነርሱ ጋር ነው።

ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው የዕውቀት ቦታ እንዳልሆነም መታወስ አለበት። ከእርሱ በፊት ዱግሲ፣ ማለትም የቁርኣን ትምህርት ቤት አለ። ልጆች በዛፍ ጥላ ወይም በዳስ ሥር ከመዓሊሙ፣ ማለትም ከመምህሩ ፊት ይቀመጣሉ። በእጃቸው ሎህ የተባለ የእንጨት ሰሌዳ ይይዛሉ። ቀለሙ ከከሰል ይበጠበጣል፤ በተቀረጸ እንጨት ይጻፍበታል፤ ልጁ ያለፈውን በቃሉ ካጠና በኋላ ሎሁ በውሃ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። ይህ ትምህርት ቤት ከአርብቶ አደሩ ኑሮ ጋር የሚስማማባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ሕንፃ አይፈልግም። ሰፈሩ ሲነሣ መዓሊሙ አብሮ መነሣት ይችላል። ሰዓቱ ከእንስሳ ሥራ ጋር ይስተካከላል። ለመምህሩ የሚከፍለው ራሱ ወላጁ ስለሆነ ተጠያቂነቱም ለወላጁ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በእነዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው፤ ሕንፃው አይንቀሳቀስም፣ ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፣ የመምህሩ ደመወዝም ከወረዳ ይመጣል።

የፊደሉም ታሪክ መጠቀስ አለበት። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሶማልኛ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ የተጻፈው ግን በግእዝ ፊደል ነው። ድንበር ማዶ በሶማሊያ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ሶማልኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነበር። በኢትዮጵያ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ፣ በተለይም ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የደነገገው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ፣ በክልሉ ሶማልኛ በላቲን ፊደል የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኗል። የዛሬው የአይሻ ልጅ በዱግሲ የዓረብኛን፣ በክፍል የላቲንን፣ በአማርኛ ትምህርት ደግሞ የግእዝን ፊደል ይቆጥራል። ለሕፃን ከባድ ሸክም ቢመስልም ልጆቹ ይችሉታል። የከበደው በወላጁ በኩል ነው፤ በዘመቻው ጊዜ ማንበብ የተማረ አባት እንኳ የልጁን ደብተር ገልጦ ማንበብ አይችልም።

መንግሥት ችግሩን አላየውም ማለት አይቻልም። አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው አሠራር የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት አጥፎ ያስተምራል። ጣቢያው በዳስ ሊሠራ ይችላል፤ ሰዓቱ በአካባቢው ስምምነት ይወሰናል፤ አመቻች የሚባለው አስተማሪም ብዙ ጊዜ ከዚያው ማኅበረሰብ ይመረጣል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ያወጣው የአርብቶ አደር ትምህርት ስትራቴጂም ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤትን፣ የተስተካከለ የትምህርት ዘመንንና የአዳሪ ትምህርትን ይደግፋል። በወረቀት ላይ ሥልጣኑ አለ። ወደ ሥራ የሚለወጠው ግን ሰዎች ተቀምጠው ሲመክሩ ነው፤ በአይሻ ደግሞ የሚመከርባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው።

አንደኛው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ነው፤ በአጭሩ ወተመህ ይባላል። በአገሪቱ እያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይህ ኅብረት አለው። የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ ዕቅድ ያያል፣ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣውን ድጎማ አወጣጥ ይከታተላል፣ መዋጮ ያስተባብራል። መሣሪያው ወረቀት ነው። ርእሰ መምህሩ አጀንዳ ያነባል፤ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ መዝገብ ላይ ቀኑን፣ የተገኙትንና ያልተገኙትን፣ «የውሳኔ ሐሳብ» የሚለውን ክፍል ይሞላል፤ ተሰብሳቢው በየስሙ ትይዩ ይፈርማል፣ መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን በስታምፕ ቀለም ነክሮ ያትማል። መጨረሻ ላይ ክቡ ማኅተም ያርፋል። አንድ ቅጂ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ይህ መዝገብ የሚናገረው ከወረዳው ጋር ነው፤ ቦርሳ፣ ወንበር፣ መጽሐፍ፣ መምህር የሚጠየቀው በእርሱ ነው።

ሁለተኛው ሺር፣ ማለትም የጎሳው ሸንጎ ነው። በአካባቢው የሚኖሩት በአብዛኛው የኢሳ ሶማሌዎች ሲሆኑ የሚተዳደሩበት ባህላዊ ሕግ ሄር ኢሴ ይባላል። በቃል የሚተላለፍ ሕግ ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጅቡቲያዊው አሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚህ ሕግ በፈረንሳይኛ የጻፈው መጽሐፍ ርእስ «የዛፉ ፍርድ» ማለት ነው፤ ሸንጎው የሚሰየመው በግራር ጥላ ሥር ስለሆነ ርእሱ ነገሩን ልክ ይገልጸዋል። በሺር ላይ ጎልማሳ ወንድ ሁሉ የመናገር መብት አለው። የኢሳዎች የበላይ የሆነው ኡጋዝ እንኳ የሚከበረው የስምምነታቸው ምልክት ሆኖ ነው፤ በትእዛዝ አይገዛቸውም። ድምፅ አይቆጠርም። ነገሩ እየተመላለሰ ይነገራል፤ ሽማግሌዎቹ የተባለውን እየደገሙ ያጣራሉ፤ ስምምነት ካልተገኘ ቀን ይቀጠርለታል። የተስማሙበት ነገር ግን በጎሳው ሁሉ ላይ ይጸናል፤ አልቀበልም ያለ ቅጣት ይጠብቀዋል። የሺር መሣሪያ ቃልና የጋራ ኃላፊነት ነው።

አሁን እነዚህን ሁለት ሸንጎዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ልጁን ከትምህርት የሚያስቀሩት ነገሮች፣ ማለትም መንጋው መቼና በየት እንደሚሄድ፣ ውሃው ለማን እንደሚቀዳ፣ ልጃገረዲቱ መቼ እንደምትዳር፣ ሁሉም በሺሩ ወይም ሺሩ በሚያከብረው ልማድ ይወሰናሉ። ወተመህ በእነዚህ ላይ ሥልጣን የለውም። ልጁን በትምህርት የሚያቆዩት ነገሮች፣ ማለትም መምህር፣ መጽሐፍ፣ ምግብ፣ የሚቀጥለው ክፍል፣ በመንግሥት እጅ ናቸው፤ ሺሩ ደግሞ በእነዚህ ላይ ሥልጣን የለውም። ወተመህ ብቻውን ሲሰበሰብ «ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩ ተወስኗል» ብሎ ይጽፋል፤ ወላጁ ግን ጥር ላይ ይሄዳል፤ የሚሄደውም ንቆ ሳይሆን ፍየሉ ስለተጠማ ነው። ሺሩ ብቻውን ሲመክር ልጆች እንዲማሩ ይስማማል፤ መምህሩ ግን ተዛውሮ ሄዷል።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚለወጥ በደንብ የሚታየው በመምህሩ ጉዳይ ነው። በጅጅጋ ካለው የዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቆ አይሻ ገጠር ቀበሌ የተመደበ ወጣት የሚጠብቀው ሙቀት፣ የቤት እጦትና የውሃ ችግር ነው። የበረሃ አበል ቢታሰብለትም ልቡ ዝውውር ላይ ነው። በሶማሌ ባህል እንግዳ፣ ሴት፣ ሕፃንና የሃይማኖት ሰው በጠብ ጊዜ እንኳ የማይነኩ ናቸው። ሽማግሌዎቹ መምህሩን የእኛ እንግዳ ነው ብለው ሲቀበሉት የሚከተለው ነገር ተግባራዊ ነው፦ ቤት ይሠራለታል፣ ወተት ይደርሰዋል፣ ከአንድ ሰው ጋር ቢጋጭ ነገሩ በሽማግሌ ይያዛል። እንዲህ ያለ መምህር ከሚዛወር ይልቅ የመቆየት ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህን የሚያደርግ መመሪያ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የለውም። በአንጻሩ ደመወዙ ሲዘገይ ሺሩ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ወደ ወረዳ የሚጻፈው ደብዳቤ የወተመህ ነው።

መዋጮም እንዲሁ ነው። የጎሳ አባላት ለካሣ ወይም ለተቸገረ ዘመድ በየድርሻቸው የሚያዋጡበት የቆየ ሥርዓት አለ፤ ቃራን ይባላል። ማን ስንት እንደሚችል ይታወቃል፤ ያልከፈለ ይታወሳል፤ ጅቡቲ ያለ ዘመድም ይላክበታል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. የጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ የትምህርት ቤቶችን ገጽታ በማኅበረሰብ ተሳትፎ ለመለወጥ ያለመ ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ በአይሻ በካርኒ ብቻ ሲሄድ የሚያገኘው የከተማውን ነጋዴና ደመወዝተኛ ነው። በቃራን መንገድ ሲሄድ ግመል ጠባቂው ድረስ ይደርሳል።

ሺሩ የጎደለው ነገር ደግሞ አለ፣ እርሱም ሴቶች ናቸው። በዛፉ ሥር እናቶች አይቀመጡም። የልጃገረዲቱን ቀን የምታቅደው፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ፍየል እንደሚያሰማራ፣ ማን ታናሽ ወንድም እንደሚይዝ የምትወስነው ግን እናት ናት። ወተመህ በአሠራሩ ሴት አባላት እንዲኖሩት ስለሚጠየቅ እናት በስሟ ተቀምጣ የምትናገርበት ሸንጎ ይሄ ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ1980ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባ ከጀመረ በኋላ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ሳያቋርጡ ለሚማሩ ልጃገረዶች ወደ ቤት የሚወሰድ የምግብ ዘይት ይሰጥ ነበር። የአሠራሩ ብልሃት ዘይቱ ለእናትየው መድረሱ ነው፤ የልጅቷ ጉልበት ከቤት ሲጎድል የቤቱን ጉድለት በመጠኑ ይሞላል። እናቶቹ የሌሉበት ምክር ይህን ሂሳብ አያውቀውም።

የሁለቱም ሸንጎዎች አቅም የተፈተነው በድርቅ ነው። በ2007 ዓ.ም. የዲራና የካራን ዝናብ ሲከሽፍና ድርቁ ወደ 2008 ሲዘልቅ ሲቲ ክፉኛ ከተጎዱት ዞኖች አንዱ ነበር። እንስሳት በብዛት አለቁ። መንጋው ያለቀበት ቤተሰብ የውሃ ቦቴ ወደሚደርስበት መንገድ ዳር ወርዶ ሰፈረ። በዚህ ጊዜ የትምህርት ቤት ስሌት ይገለበጣል። የሚጠበቅ ፍየል የለም፤ ልጁ ሥራ ፈቷል፤ ትምህርት ቤቱ ውሃና ምግብ ካለው ደግሞ ልጁ የሚበላበት ቦታ ይሆናል። ውሃና ምግብ ከሌለው ግን ሠፈሩ ሲበተን ክፍሉም ይበተናል። ስለዚህ በድርቅ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዕጣ በውሃ ቦቴው መንገድ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቦቴው በየት ይቁም የሚለውን የሚነጋገሩት ደግሞ ሽማግሌዎቹና ወረዳው ናቸው። ርእሰ መምህሩ በዚያ ንግግር ካልተገኘ ትምህርት ቤቱ ይረሳል።

ወደ ወጣቶቹ ስንመጣ ምክሩ ይበልጥ ይደክማል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በከተማ ስለሆነ የገጠሩ ልጅ ዘመድ ዘንድ ማደር አለበት፤ ለልጃገረድ ይህ ለቤተሰብ ትልቅ ሥጋት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ማለትም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር አንድን ልጅ ለ12 ዓመት ከመንጋው ነጥሎ ለማስተማር ለሚያስብ አባት ትልቅ ትርጉም አለው። በሌላው ወገን ከአወዳይ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚጣደፈው የጫት ጭነት፣ የኮንትሮባንድ ዕቃና የከባድ መኪና መንገድ አለ። በዚያ ላይ የሚገኘው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ዛሬ ይገኛል፣ ሰርተፊኬትም አይጠይቅም።

ወጣቱ ይህን ስሌት የሚያሰላው ከእኩዮቹ ጋር ነው፤ ከሰዓት በኋላ በጫት ቤት ተቀምጦ፣ ወይም በመንገዱ ዳር መኪና እየጠበቀ። በሺር ላይ በዕድሜው ምክንያት ቀድሞ አይናገርም። በወተመህ የተማሪ ወንበር አለው፤ ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠው ግን ተማሪ ስላልሆነ ያ ወንበርም የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ድጋፍ የሚያስፈልገው፣ ትምህርት አቋርጦ ሥራ ያላገኘው ወጣት፣ በሁለቱም ሸንጎዎች ስለ እርሱ ይነገራል እንጂ እርሱ አይናገርም። ይህን የአሠራሩ ትልቁ ቀዳዳ አድርጌ አየዋለሁ። በባቡሩም፣ በነፋስ ኃይሉም፣ በውሃውም ሥራ ላይ የአካባቢው ወጣት በምን ይሠልጥን፣ ስንቱ ይቀጠር የሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈልግበት መድረክ ሊኖር ይገባል፤ ሽማግሌው፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱና ወጣቱ ራሱ የሚቀመጡበት።

እስካሁን የተዘረዘረው ወደ አንድ ፍርድ ይመራል ብዬ አምናለሁ። «አርብቶ አደሩ የትምህርት ግንዛቤ ይጎድለዋል» የሚለው በብዙ ስብሰባ የሚደጋገም አባባል ልክ አይደለም። ልጆቹን በዱግሲ ለማስተማር ከኪሱ የሚከፍል፣ ከልጆቹ አንዱን መርጦ ከተማ የሚልክ ሰው የትምህርትን ዋጋ ያውቃል። የጎደለው ዛፍ ሥር የተባለውን ወደ ቃለ ጉባኤ፣ በቃለ ጉባኤ ያለውን ወደ ዛፍ ሥር የሚያደርስ መንገድ ነው። ርእሰ መምህሩ ጂላል ከመግባቱ በፊት የክፍል መቆጣጠሪያ መዝገቡን ይዞ ሺር ላይ ቢገኝና ማን ስንት ቀን እንደቀረ በቃል ቢያነብ፣ ሽማግሌዎቹ ፍየል ጠባቂነቱ በቤተሰቦች መካከል በተራ እንዲሆን ሊመክሩ ይችላሉ፤ መንጋ በጋራ መጠበቅ ለእነርሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ስምምነቱ ሲጻፍ ደግሞ ወረዳው የራሱን ግዴታ የሚጠየቅበት ሰነድ ይሆናል።

አንድ ጉዳይ ግን ከሁለቱም ሸንጎዎች ሥልጣን ውጭ ነው፣ የትምህርት ዘመኑ። ሽማግሌዎቹ በሐምሌና በነሐሴ ልጆቹ በሰፈር እንደሚገኙ ያውቃሉ፤ ወተመህም ያውቃል። የ12ኛ ክፍል ፈተና አገር አቀፍ ስለሆነ ቀኑን አይሻ ልትለውጠው አትችልም። የ8ኛ ክፍል ፈተና ግን የክልል ነው። የታችኞቹ ክፍሎች በካራን ወራት እንዲማሩና በጂላል አጋማሽ እንዲያርፉ፣ የ8ኛ ክፍል ፈተናም ከዚያ ጋር እንዲስማማ መወሰን የሚችለው ጅጅጋ ያለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው። ለዚያ የክረምት የመምህራን ዕረፍትና የኮሌጅ ሥልጠና ጊዜ መስተካከል አለበት፣ የመጻሕፍት ሥርጭትም ቀደም ማለት ይኖርበታል። ሥራው ከባድ ነው፤ ግን በክልሉ እጅ ያለ ሥራ ነው።